ዕዳ መክፈልና ጥሪት መያዝ፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ጋ መጥቶ ስለ ቁጠባ የሚጠይቅ ሰው ድምፁን አይቀንስም። ስለ ዕዳ የሚጠይቅ ግን መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደተሰለፈ ያያል። ከዚያ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ይጀምራል። እዚህ የሰበሰብኳቸው አብዛኞቹ በሹክሹክታ የተጠየቁ ናቸው፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ አንዳንዴም ከዓረብ አገር በስልክ።

እኔም ዕዳን አውቀዋለሁ። በ2009 ዓ.ም. ለወንድሜ ሰርግ የተበደርኩትን ከፍዬ የጨረስኩት በ2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ዛሬም በየቀኑ መስኮቴ ላይ ይመጣል፤ ዕዳ በተደበቀ ቁጥር ይፋፋል።

ዕዳዬ ስንት እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከደብተር። የልጅ ደብተር ይበቃል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ቁጭ ብለው ይጻፉ። የማን ነው? ስንት ነው? መቼ ተወሰደ? ወለድ አለው? መቼ እመልሳለሁ ብለው ነበር? የባለሱቁን ዱቤ ይጻፉ። የልብስ ሰፊውን ቀሪ ይጻፉ። ከእህትዎ «ሲኖርሽ ትሰጪኛለሽ» ተብሎ የተወሰደውንም እንዳይዘሉት። እሱም ዕዳ ነው፤ እህትዎም አልረሳችውም።

አንዲት ቅመም ነጋዴ እኔ ጋ መጥታ «ሰማንያ ሺህ ሳይሞላ አይቀርም» አለችኝ። ደብተር አልያዘችም፤ በርበሬ የምትጠቀልልበትን ወረቀት ዘርግታ እሷ እየጠራች እኔ ጻፍኩ። ጣቷ ባረፈበት ሁሉ ወረቀቱ ቀላ። ስንደምረው 47,350 ብር ሆነ። ሁለት ጊዜ አስደመረችኝ። ሦስት ወር እንቅልፍ የነሳት ያ ሰማንያው ነበር፤ የሌለው ዕዳ።

አንዳንዴ ደግሞ ድምሩ ከተገመተው በላይ ይወጣል። ያም ቢሆን ቁጥሩ የታወቀ ዕዳ መላ ይገኝለታል።

ብዙ ቦታ ነው ያለብኝ። የቱን ቀድሜ ልክፈል?

ወለዱ የሚበላዎትን። በምሳሌ ልናገር። አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ቢመጣ፦ ለባለሱቅ 3,400፣ ለጓደኛ 6,000፣ ለማይክሮፋይናንስ 45,000፣ ለአራጣ አበዳሪ 20,000 በወር 10 በመቶ። ከቤት ወጪ ተርፎ ለዕዳ የሚሆነው በወር 7,500 ብር ነው።

ወለዱን ብቻ እየከፈለ ቢቀመጥ ለአራጣው በወር 2,000 ይሰጣል። በሰባት ወር 14,000 ብር ከኪሱ ይወጣል፤ ዕዳው ግን ያው 20,000 ነው። አበዳሪው ዋናውን ከፋፍሎ ለመቀበል እሺ ካለና በየወሩ 4,500 ከሰጠው ግን ወለዱ ከቀሪው ላይ እየተሰላ በሰባተኛው ወር ይዘጋል። 2,500ው ለማይክሮፋይናንሱ ይሄዳል። እሱን ማቋረጥ አይገባም፤ ሲቋረጥ የሚጨነቁት አብረው የፈረሙ የቡድን አባላት ናቸው። የቀረው 500 ለባለሱቁ ነው።

የባለሱቁ ዱቤ ወለድ የለውም። ቢሆንም እኔ ዜሮ አላደርገውም። ወሩ ሲያልቅ ዘይትና ስኳር የሚሰጥ እሱ ነው። በየወሩ 500 ብር ሲደርሰው ፊቱ አይጠቁርም። ጓደኛው ደግሞ ገንዘብ ባይደርሰውም ቃል ይድረሰው፤ «አልረሳሁም፣ ከሰባት ወር በኋላ ያንተ ተራ ነው» ይባል። ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው ብሩ ስለዘገየ አይደለም፤ ባለ ዕዳው መንገድ መቀየር ስለጀመረ ነው።

ወለድ የሌላቸው ዕዳዎች ብቻ ከሆኑ ትንሹን መጀመሪያ ይዝጉ። አንድ ስም ከደብተሩ ላይ ሲሰረዝ ልብ ይበረታል።

አራጣ ውስጥ ገብቻለሁ። ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። አንዳንዱ አበዳሪ 20,000 ሰጥቶ 30,000 ያስፈርማል። ወለዱ ከዋናው ጋር ተቀላቅሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ቁጥሩን በፊደልም በአኃዝም ያንብቡ። በእጅዎ ያልገባ ብር ላይ አይፈርሙ። ባዶ ቼክ፣ የቤት ካርታ ወይም ሊብሬ አያስረክቡ። ከገቡ በኋላ ከሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሚከፍሉትን ሁሉ በባንክ ያስተላልፉ። በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውም፤ በባንክ የሄደ ግን ቀኑና መጠኑ ይቀራል።

አብሽሩ፣ መውጫ አለው። ሽማግሌ ይዘው ቢሄዱ ብዙ ጊዜ ወለዱ ቆሞ ዋናው በጊዜ እንዲከፈል ይስማማሉ። ካልሆነ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ። ከዘመድ ያለ ወለድ ተበድሮ አራጣውን መዝጋት ሲቻል ግን እሱ ይቀድማል። በግ ሽጦም ቢሆን፣ ወርቅ ሽጦም ቢሆን።

ለጓደኛዬ በቃል ያበደርኩት ገንዘብ አለ። ቢክደኝስ?

ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ተበዳሪው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመን ወይም መሐላ ማስፈለጉ አይቀርም። «እነ እገሌ ሲሰጠው አይተዋል» የሚለው ብቻውን አይበቃም። 500 ብር ዛሬ ስንት ቀን አስቤዛ እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ብድር መጻፍ አለበት ማለት ነው።

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ መመለሻ ጊዜ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ገንዘቡን በባንክ ካስተላለፉ ደግሞ ምክንያት በሚለው ቦታ «ብድር» ብለው ይጻፉ። ይሉኝታ ከያዘዎት ወረቀቱን ለሁለታችሁም ጥቅም አድርገው ያቅርቡት፤ ሰው ሟች ነው፣ ወራሾች እንዳይጣሉ።

ዋስ ሁን ተብያለሁ።

ከኪስዎ ለመክፈል ካልቻሉ አይፈርሙ። ዋስ መሆን ማለት «እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከፈረሙም የዋስትናው ጣሪያ በብር ተጽፎ ይዩት። ጣሪያው ያልተጻፈ ዋስትና በሕግ አይጸናም። ያገቡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቤትዎ ይማከሩ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ደሞዜ ለዕዳ ሙሉ በሙሉ ሊቆረጥ ይችላል?

አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደሞዝዎ ከአንድ ሦስተኛ እንዲበልጥ አይፈቅድም። የደሞዝ ወረቀትዎን በየወሩ ያስቀምጡ።

ዕዳ እያለብኝ መቆጠብ ትርጉም አለው?

አለው፤ ግን ትንሽ። የአንድ ሳምንት የቤት ወጪ የሚሆን ብር እስኪጠራቀም ድረስ ይቆጥቡ። ከዚያ ያቁሙና ፊትዎን ወደ ዕዳው ያዙሩ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዕዳ እየከፈሉ ሳለ ልጅ ይታመማል። የባጃጁ ጎማ ይፈነዳል። እጅዎ ላይ ምንም ከሌለ ወደዚያው አበዳሪ ይመለሳሉ። እኔ በ2010 ዓ.ም. የሆንኩት እንዲህ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ያገኘሁትን እያራገፍኩ ከፈልኩ። በስምንተኛው ወር እናቴ ታመመች፤ ለመድኃኒትና ለመኪና 2,300 ብር አጣሁ። ሄጄ እንደገና ተበደርኩ። ያን ቀን ከሕክምናው ስመለስ ፒያሳ ላይ ቆሜ ደብተሬን አወጣሁና የሰረዝኩትን ስም መልሼ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ከደሞዜ ላይ 200 ብር ሳላስቀር ዕዳ ከፍዬ አላውቅም።

እቁብ ቁጠባ ነው ወይስ ዕዳ?

ሁለቱም ነው። የቱ እንደሚሆን የሚወስነው እጣው ነው። ሃያ ሰው በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ይከፍላል። መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ። መካከል ላይ ያለው ግማሽ ግማሽ።

እቁብ ባንክ የማይሰጠው ነገር አለው፤ ሰው ያፍራል። እሑድ ከዳኛውና ከጸሐፊው ፊት ባዶ እጅ መሄድ አይቻልም። ብቻዬን 1,000 ብር በሳምንት አስቀምጪ ብትሉኝ አንድ ሰበብ አላጣም። እቁብ ላይ ግን አንድም ሳምንት አልቀረሁም። ወለድም የለውም፤ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ይመቻል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም አንድ እቁብ ላይ ተቀምጠው አንድ ቡና ይጠጣሉ።

አደጋውስ? መጀመሪያ የወሰደ ሰው ከጠፋ ነው። እጣ የደረሰው ዋስ ሳያቀርብ ብር የሚቀበልበት እቁብ ውስጥ አይግቡ። ዳኛውን የማያውቁትም ከሆነ አይግቡ። ሁለት እቁብ በአንድ ጊዜ መግባትም አይመከርም፤ አንዱን ለመጣል ከአንዱ የሚበደር ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እጣው ሳይደርስዎት ለምን እንደሚሆን ይጻፉ። «ለዕዳ»፣ «ለልብስ ስፌት መኪና»፣ «ለልጅ ትምህርት»። ሃያ ሺህ ብር በድንገት እጅ ሲገባ ቤቱ ሁሉ አዲስ ነገር የሚያስፈልገው ይመስላል። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ መጨረሻ የደረሰው ሰው ብሩ ቀንሶ ይደርሰዋል። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ሰው ቀደም ካለ ባለ እጣ ጋር መለዋወጥ ከተቻለ ይለምን፤ ሰው ችግሩን ሲሰማ እምቢ አይልም።

ወጪ ለመቀነስ ከቅሬ ልውጣ?

አይውጡ። ሌላ አገር እድር የሚሉት የእኛው ቅሬ ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። ሐዘን ሲደርስ ግን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጉልበቱ ሁሉ ከእሱ ይመጣል። ያለ ቅሬ አንድ ቀብርና ሰደቃ ወይም ተስካር በገንዘብ ማውጣት ለዓመታት ዕዳ ይጥላል። ከሌላው ሁሉ ይቀንሱ፤ ከቅሬ አይቀንሱ።

ሰርግ ደርሷል። ካልተበደርኩ ያሳፍረኛል።

ይህን ጥያቄ በጥርና በሚያዝያ ስሰማ ልቤ ይመታል። የእኔ ዕዳ የመጣው ከዚህ ነው።

ለወንድሜ ሰርግ 35,000 ብር ተበደርኩ። ሁለት በሬ ታረደ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ማግስቱ ጠዋት ድንኳን ያከራየው ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከሱ ኋላ ወንበር ያከራየው። እናቴ ገና የቅዳሜውን ድስት እያጠበች ነበር። ያን ጊዜ የነበረኝ 400 ብር ነው። ለሁለቱም «ሰኞ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስንት ሰኞ እንዳለፈ ደብተሬ ያውቃል።

አሁን ቢሆን ምን አደርግ ነበር? ከሰርጉ ሦስት ወር በፊት ቤተሰቡን ሰብስቤ ቁጥሩን እናገር ነበር። «በእኔ በኩል 12,000 አለ፤ ከዚህ በላይ የለኝም» ብዬ። ቁጥሩ አስቀድሞ ከታወቀ አጎት ዱቄት ያመጣል፣ ጎረቤት ጠላ ይጠምቃል፣ አንዱ በሬ ይቀራል። ሳምንት ሲቀረው ግን ሁሉም ነገር በብር ይሆናል። እንግዳው ስንት በሬ እንደታረደ ዛሬ አያስታውስም። ወንድሜ ግን ዕዳዬን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሰማ አለቀሰ፤ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሃይማኖቴ ወለድ አልቀበልም፣ አልከፍልምም። የት ልቆጥብ?

ቦታ አለ። ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ናቸው። ዘምዘም ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ አገልግሎት አላቸው፤ የንግድ ባንክ ሲቢኢ ኑር ይባላል። ሒሳብ ሲከፍቱ «ከወለድ ነጻ» ብለው ይጠይቁ፤ ዝም ካሉ መደበኛው ሊከፈትልዎት ይችላል።

ገንዘብ ሲያስፈልግዎት ሙራባሃ የሚባለው አለ። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልዎታል። ትርፉን በብር አስልተው ይጠይቁና ከሌላው ጋር ያወዳድሩ። ከወለድ ነጻ ነው ማለት ርካሽ ነው ማለት ላይሆን ይችላል።

ዕዳ የከበዳቸው ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለ ዕዳ ነው። ለሼኹ መንገር የሚያሳፍር አይደለም።

በስልክ የሚሰጠውን ብድር ብወስድ ችግር አለው?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መላ እና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች መጥተዋል። ሳንዱቅ የሚባል የቁጠባ አገልግሎትም አለው። ብድሩ ፈጣን ነው፣ ዋስ አይጠይቅም። ለዚህም ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ክፍያው ትንሽ ይመስላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። 1,000 ብር ወስደው በወሩ 60 ብር ቢጠየቁ በዓመት ሲሰላ 72 በመቶ ነው።

ለመድኃኒት ወይም ነገ ለሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ይሁን። የባለፈውን ለመክፈል አዲስ እየወሰዱ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ ለሚደውል ሰው ስልኩን ይዝጉበት።

ባንክ ላስቀምጥ ወይስ በግ ልግዛ?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። ያኔ ባንክ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ ሲጨምር የሚገዛው እህል ቀነሰ። ገበሬው በግ፣ የከተማው ሰው ወርቅ፣ ነጋዴው ጤፍ የሚይዘው ወዶ አይደለም።

እኔ ለሁለት ከፍዬ ነው የማየው። የችግር ቀን ብር ባንክ ይቀመጥ፤ ቢያንስ የሁለትና የሦስት ወር የቤት ወጪ። ልጅዎ ሌሊት ሲታመም በግ የሚገዛ ሰው አይገኝም። ባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሕመም ሰኞን አይጠብቅም። ከዚያ የተረፈው ደግሞ ዋጋው አብሮ የሚያድግ ነገር ላይ ይዋል። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ከሦስት ወር በፊት ገዝቶ ማድለብ የለመዱት ሥራ ከሆነ ጥሩ ነው። ካልለመዱት ግን በግም ይታመማል፣ ይሞታል፣ መኖ ይበላል። ከሁሉ በላይ እኔ የማምነው በሥራ ዕቃ ነው፤ የስፌት መኪና፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የግንበኛ መሣሪያ። እነዚህ ዋጋቸው ይወጣል፣ በየቀኑም ይሠራሉ።

እህቴ ዓረብ አገር ናት። ብር ትልካለች፤ ግን ምንም አልተጠራቀመም።

ወሎ ውስጥ ይህ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው። ልጅቱ ለደላላ በዕዳ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ዓመት ዕዳውን ይበላል። ከዚያ በየወሩ ትልካለች፤ ለአባት ሕክምና፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለቤት ክዳን፣ ለበዓል። አራት ዓመት ቆይታ ስትመለስ በስሟ አንድ ሳንቲም የለም። ማንም አልሰረቃትም። ሁሉም ለቁም ነገር ነው የዋለው። ግን እሷ ባዶ እጇን ናት።

አንዲቷ ከኩዌት እንደተመለሰች መስኮቴ ጋ መጥታ የላከችበትን ወረቀቶች በላስቲክ አስራ አሳየችኝ። ቁመቱ ጣት ያህላል። «ይህ ሁሉ የት ገባ?» አለችኝ። አንድ በአንድ አየናቸው። ከዚያ አብራት የመጣችው እናቷ አንገቷን ደፍታ «ሁሉንም እኔ ነኝ የተቀበልኩት፤ ሁሉም አልቋል» አለች። ልጅቱ እናቷን አቀፈቻት። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ስለዚህ ወንድም ወይም እህት ከሆኑ ዛሬ ደውለው ይህን ይበሏት። ከመሄዷ በፊት ካልከፈተች አሁንም በራሷ ስም ሒሳብ ይከፈት፤ ባንኮች ውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን የሚከፍቱት ሒሳብ አላቸው። ከምትልከው ላይ መጀመሪያ የእሷ ድርሻ እዚያ ይግባ፤ ሲሶው ቢሆን መልካም ነው። የቤቱ ድርሻ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የሒሳቡን የሚስጥር ቁጥር ማንም አይያዝላት፤ እናትም ብትሆን። እናት የምትጎዳት ከመጥፎነት አይደለም፤ ጎረቤት ሲቸገር እምቢ ማለት ስለማትችል ነው። ሒሳቡ የልጅቱ ሲሆን «የእሷ ነው፣ አልችልበትም» ማለት ይቀላታል።

ከባንክ ውጭ በግለሰብ በኩል የሚላከው ብር ምንዛሬው ቢጨምርም ሲጠፋ የሚጠየቅ የለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የባንኩን ዋጋ ጠይቃ ታወዳድር።

ገቢዬ ቋሚ አይደለም። እንዴት ልቆጥብ?

ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍር ሰው አንድ ቀን ብዙ ያገኛል፤ ከዚያ ሁለት ወር ምንም። ገበሬውም በመኸር እጁ ይሞላል፣ በክረምት ይጎድላል። እንዲህ ላለ ሰው «በወር ይህን ያህል» የሚለው ምክር አይሠራም። በመቶኛ ይቆጥቡ። ብር በገባ ቁጥር፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ከአሥሩ ሁለቱ ወደ ጎን። ለራስዎም እንደ ደሞዝ የሳምንት ወጪ ይቁረጡ፤ ጥሩ ቀን ስለመጣ አይጨምሩት።

ደሞዝተኛ ነኝ። ነሐሴና መስከረም ለምን ሁልጊዜ ይሰብረኛል?

ጳጉሜ ደሞዝ ስለሌላት ነው። የነሐሴው ደሞዝ አምስት ወይም ስድስት ቀን ተጨማሪ ይሸከማል። በላዩ እንቁጣጣሽ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ከዚያ መስቀል። ከየካቲት ጀምሮ በወር ትንሽ ትንሽ ለዚህ ብቻ ያስቀምጡ። ኢድና አረፋ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድመው ስለሚመጡ ቀናቸውን ካላንደር ላይ በዓመቱ መጀመሪያ ምልክት ያድርጉ።

ባንክ ያለው ገንዘቤ ቢጠፋስ?

የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ባንኩ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

ፍርሃቱን ግን እረዳዋለሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባንኮቹ ተዘጉ። ብዙ ሰው ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወጣ። ቤት ውስጥ ጥሬ ብር፣ እህል ወይም ሸቀጥ የነበረው ሲመለስ አላገኘውም። ባንክ የነበረው ሰው ግን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ከሌላ ቅርንጫፍ አወጣ። የመታወቂያዎንና የባንክ ደብተርዎን ፎቶ ሌላ ከተማ ላለ የሚያምኑት ዘመድ ይላኩ። እኔ ያንን ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ዕዳዬን አታውቅም። ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ልንገራት?

አይ፤ አሁን ይንገሯት። ለቤት ጥቅም የተወሰደ ዕዳ በሕግም የሁለታችሁ ነው። ከዚያ በላይ ግን ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድር ከሆነና አንዱ ግማሹን ካላየ ሒሳቡ መቼም አይገጥምም። እሷ ለበዓል ልብስ ስትገዛ እርስዎ ይናደዳሉ፤ ምክንያቱን አታውቅም። ጠብ ከዚህ ይነሳል።

እንግዳ ባለበት አይንገሯት። በስልክም አይሁን። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ከፍተው ፊቷ ያስቀምጡ። ድምሩን ራሷ ታንብበው። ብትቆጣ ዝም ብለው ይስሙ፤ ትቆጣለች። ከዚያ «እስከ መቼ ነው የምንጨርሰው?» ብላ ትጠይቅዎታለች። እስክሪብቶውን ለእሷ ይስጧት።